የአምቡላንሱ ስድስት ሰዓት

በጡረታ የተሸኘሁ ዕለት የምስክር ወረቀት ሰጡኝ። በወርቃማ ቀለም «በተሽከርካሪ ክትትል ሥራ ፈር ቀዳጅ» ይላል። ኬክ ተቆረሰ፣ ሁሉም ተራ በተራ አመሰገነኝ፤ አንድ ወጣት ኃላፊ ደግሞ ስልኩን አውጥቶ ካርታ ላይ የምትንቀሳቀስ መኪና አሳየኝና «እትዬ ሰብለ፣ ይሄ ሁሉ እኮ እርስዎ የጀመሩት ነው!» አለ። ሰው አጨበጨበ። እኔ ግን ቆሽቴ አረረ። ልጁ ምንም አላጠፋም። ያናደደኝ፣ ያንን ሥራ ስንጀምር የአንድ ሰው ስም እንደጠፋ፣ ያጠፋሁትም እኔ እንደሆንኩ በዚያ አዳራሽ ውስጥ የሚያውቅ አንድም ሰው አለመኖሩ ነው። ወርቃማው ወረቀት ስለዚህ ነገር ትንፍሽ አይልም። እንግዲያው እኔው እጽፈዋለሁ።

ሥራ የጀመርኩት በስልክ ኦፕሬተርነት ነበር። መንግሥት ከተለወጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ የእርዳታ ድርጅት ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ክሊኒክ ሲከፍት በሬዲዮ ሠራተኛነት ተቀጠርኩ። ደመወዙ ከቀድሞው ቢሻልም የሚያስጨፍር አልነበረም። የነበረን አንድ አምቡላንስና አንድ ፒክአፕ ነው። ክፍሌ ከደረጃው ሥር ነበረች፤ ሰው ሲወጣና ሲወርድ አቧራው ጠረጴዛዬ ላይ ይራገፋል። እዚያች ክፍል ውስጥ ነው ሻምበል በላቸውን ያወቅኳቸው።

ሻምበል የጦር ሠራዊት የመገናኛ ሰው ነበሩ። ሠራዊቱ ሲበተን ያለ ሥራ ቀሩ፤ የቀረቻቸው አማተር ሬዲዮ ነበረች። አማተር ሬዲዮ ማለት ፈቃድና የጥሪ ስም የተሰጠው ሰው ከገዛ ቤቱ፣ ለትርፍ ሳይሆን ለዕውቀትና ለክፉ ቀን፣ በአየር ላይ የሚነጋገርበት ነው። ሻምበል ገርጂ ካለች ቤታቸው ጓሮ ሽቦ ወጥረው ከጃፓንም ከብራዚልም ጋር ያወጉ ነበር። እዚያው አየር ላይ የተዋወቁት አንድ የሩቅ ወዳጃቸው ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች ላከላቸው። አንደኛዋ ጂፒኤስ ናት፤ ያለችበትን ቦታ ከሳተላይት ትሰማለች። ሁለተኛዋ ደግሞ የሰማችውን ቁጥር ወደ ድምፅ ለውጣ ለሬዲዮው ትሰጣለች። ሻምበል ለድንገተኛ እርዳታ ሙከራ ፈቃድ አስወጡና ሁለቱንም አምቡላንሱ ላይ ገጠሟቸው።

በየደቂቃው አንድ ጊዜ ሬዲዮዬ እንደ ፌንጣ ጢጥ ትላለች። ኮምፒውተሩ ያቺን ጩኸት ይፈታና አረንጓዴ ነጥብ አድርጎ ያስቀምጣታል። ያኔ ይህን ያየ ሰው አፉን ይይዝ ነበር። የሐኪሞቻችን ጓደኞች ሳይቀሩ ሊያዩ ይመጡ ነበር። ነጥቧ ታዲያ ቀልደኛ ነበረች፤ መኪናው ግቢ ውስጥ ቆሞ ሳለ እሷ መቶ ሜትር ያህል ወዲያ ወዲህ ትላለች። አንዳንዴ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ገብታ ትቆማለች። የአምቡላንሱ ሹፌር ጋሽ ሸምሱ እስላም ናቸውና «ዛሬም ሳልነግርሽ አሳለምሽኝ?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

ጋሽ ሸምሱ ገርጂ የሚኖሩ፣ ጎልማሳነታቸውን መሪ ላይ የጨረሱ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ነበሩ። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ቁጥር እንጂ ስም አይደለም፤ ስለዚህ አንድ ሳምንት ሙሉ አጠገባቸው ተቀምጬ ምሥራቅ አዲስ አበባን ዞርን። በየማዕዘኑ መኪናውን ያቆማሉ፤ እኔ ቁጥሩን ከጂፒኤሷ ላይ አነባለሁ፤ እሳቸው ስሙን ይነግሩኛል። «እዚህ ወፍጮ ቤቱ ጋ በይ። ሰው የሚያውቀው እንደዚያ ነው፤ መንገዱ ሌላ ስም አለው ቢሉሽ እንዳትሰሚ።» ደብተሬ ላይ ያለው የቦታ ስም ሁሉ የእሳቸው ነው። ሃያ ሁለት የሚባለውን ሰፈር ሳይቀር፣ ከካፌዎቹ ፊት ለፊት፣ ያጻፉኝ እሳቸው ናቸው።

ስለ ሻምበል ልማድ ማውራት አለብኝ፤ ነገሩ ሁሉ ከዚያ የተነሣ ነውና። ሻምበል ማይክ ከመጨበጣቸው በፊት ረዘም ላለ ጊዜ ዝም ብለው ያዳምጣሉ። እኔ ቸኩዬ ቁልፉን ስጫን እጄን ቀስ አድርገው ያነሡና «ሰው እያወራ ይሆናል» ይሉኛል። መዝገብ ላይ የተጻፈ ነገር አይፋቅም፤ ከተሳሳቱ በአንድ መስመር ሰርዘው አጠገቡ ይፈርማሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዜድ ነበረች። ሳተላይት የሚያውቀው የዓለም መነሻ የሆነውን የግሪንዊችን ሰዓት ብቻ ነው። የእኛን ለማግኘት ከዚያ ላይ ሦስት ይቀነሳል፤ እዚያ ስድስት ሲሆን እኛ ጋ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው፤ እዚያ ዘጠኝ ሲሆን እኛ ጋ ቀትር፣ ስድስት ሰዓት ነው። የሬዲዮ ሰዎች ሰዓቱ የግሪንዊች መሆኑን ለማሳወቅ ከቁጥሩ ኋላ ዜድ የምትባለውን የፈረንጅ ፊደል ያስከትላሉ። ሻምበል ይቺን ዜድ ሲጽፏት ጅራቷን አስረዝመው ነበር። «ይቺ ከሌለች፣ ሰዓቱ የማን እንደሆነ በምን ታውቂያለሽ?» ይላሉ። እኔ በሆዴ ‹የወታደር ነገር› እያልኩ እስቅ ነበር።

ሥራ አስኪያጃችን አቶ ደምሴ ይባል ነበር። አንቱ የምለውን ሰው መርጬ ነውና እሱን እንዲህ እጠራዋለሁ። አቶ ደምሴ ነጥቧን ባየ በወሩ አንድ ሐሳብ መጣለት። ሹፌሮች በሬዲዮ ወሬ ያበዛሉ፤ ያሉበትን ቦታ ኮምፒውተሩ ከነገረን ዘንድ መናገር ለምን ያስፈልጋቸዋል? የሳጥኗ ገመድም የሚሰካው ማይኩ የሚሰካበት ቀዳዳ ላይ ነው፤ ሻምበል ሁለቱን የሚያቀያይር ማብሪያ ማጥፊያ ሠርተው ነበር። አቶ ደምሴ እሱን አስነቀለውና ማይኮቹን ሰብስቦ መሳቢያው ውስጥ ቆለፈባቸው። ከዚያ ወዲያ ሹፌሩ የምንለውን ይሰማል፤ መልስ ግን መስጠት አይችልም።

«አቶ ደምሴ፣ ይሄ የሬዲዮ ሥራ አይደለም» አሉት ሻምበል። «ሰውዬውን ዲዳ አድርገህ የት እንዳለ ብታውቅ ምን ሆኖ እንደቆመ በምን ታውቃለህ?»

«ሻምበል፣ ዘመኑ ተለውጧል» አለ ፈገግ ብሎ።

ዛሬም ድረስ ያቺ ፈገግታ ትዝ ስትለኝ ደሜ ይፈላል። እኔስ ምን አልኩ? ምንም። ክፍሌ ጸጥ ስላለች ደስ ሳይለኝም አልቀረ። ሻምበል ብዙም ሳይቆዩ ዓይናቸውን ታከሙና ልጃቸው ዘንድ ሊያገግሙ ደብረ ዘይት ወረዱ።

ነገሩ የሆነው እኔም በሌለሁበት ቀን ነው። አክስቴ አርፋ ለቅሶ ላይ ነበርኩ። ክፍሌን የምታይልኝ ተረኛዋ ነርስ ነበረች፤ እሷም በሽተኞቿን ትታ ስክሪን ልትጠብቅ አትችልም። ልክ በስድስት ሰዓት አንድ ባል ከሲኤምሲ ደወለ፤ ሚስቱ ምጥ ጠንቶባታል። ነርሷ ሮጣ መጥታ በሬዲዮ ሁለት ጊዜ «ጋሽ ሸምሱ፣ ሲኤምሲ ይሂዱ» አለችና አድራሻውን ተናግራ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። አምቡላንሱ ሲኤምሲ የደረሰው ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። እናትየዋ ተረፈች። ሕፃኑ አልተረፈም።

ከለቅሶ ስመለስ የባልየው የአቤቱታ ደብዳቤ አቶ ደምሴ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ገንዘቡን የሚሰጡት የውጭ እንግዶችም የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ሊጎበኙን ነበር። «ከአምስት እስከ ሰባት ሰዓት መኪናው የት እንደነበረ ብቻ አውጪልኝ» አለኝ፤ «በአማርኛ፣ በእኛ ሰዓት። ያቺን የፈረንጅ ፊደል ደግሞ አታስገቢብኝ፤ ያለፈው ሪፖርት ላይ አንባቢ አደናግራለች።»

ኮምፒውተሩ የሚያወጣው ረጅም ጥቅል ወረቀት ነው። ሁልጊዜ መጀመሪያ ቁጥሩን ከነዜዷ እገለብጣለሁ፤ ከዚያ ሦስት እቀንስና ዜዷን እሰርዛለሁ። ያን ቀን ግን ዜድ እንዳላስገባ ታዝዣለሁና ከጠዋቱ የሥራ መጀመሪያ አንሥቼ ያለ እሷ ገለበጥኩ፤ በኋላ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ልቀንስ ብዬ። ገና አንድ ገጽ ሳልጨርስ እንግዶቹ መጡ ተብሎ ተጠራሁ፤ ነጥቧን አሳየኋቸው፣ እነሱም እንደ ሌላው አፋቸውን ያዙ። ስመለስ ወረቀቱ ላይ ከአምስት እስከ ሰባት ተደርድሮ ጠበቀኝ። የተጠየቅኩት ከአምስት እስከ ሰባት ነው፤ የጻፍኩትም ከአምስት እስከ ሰባት ነው። ምን ጎደለ? ዜዷ ብትኖር ኖሮ ዓይኔ ውስጥ ትገባ ነበር። የቦታውን ስም ከደብተሬ እያየሁ ሞላሁት። ከስድስት ሰዓት ከአምስት እስከ ስድስት ከአርባ አምስት፤ ሃያ ሁለት፣ ከካፌዎቹ ፊት ለፊት፤ ቆሟል።

በማግስቱ ኮሚቴ ተሰበሰበ። ጋሽ ሸምሱ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

«በሽተኛ አየር ማረፊያ አድርሼ ስመለስ ጥሪው ደረሰኝ» አሉ። «መንገዱ ለመንግሥት እንግዳ ተዘግቶ ነበር። ሳይረኑን ባሰማ፣ ወርጄ ብለምን የሚያሳልፈኝ ጠፋ። ቦሌ ቆሜ ነበር። ልነግራችሁ ደግሞ ማይክ የለኝም።»

አቶ ደምሴ ወረቀቴን አነሣ። «አንተ ሃያ ሁለት ነበርክ። ምሳህን ስትበላ።»

ለወትሮው ጋሼ ሲላቸው የኖረ ሰው ያን ቀን አንተ አላቸው። ጋሽ ሸምሱ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሰብለ፣ ይህን ሪፖርት የጻፍሽው አንቺ ነሽ?» አለኝ አቶ ደምሴ።

«አዎ።»

«ስህተት አለው?»

«የለውም» አልኩ። አፌን ሞልቼ ነው ያልኩት። ጋሽ ሸምሱን ለዓመታት አውቃቸዋለሁ፤ አንድ ቀን ዋሽተውኝ አያውቁም። ያን ዕለት ግን በሆዴ ያዘንኩት ስለዋሹ ነበር። ልክ እንደዚያ ነው የተሰማኝ።

አባረሯቸው። መባረሩ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። አቶ ደምሴ ያንን ሪፖርት ለእንግዶቹ አስተርጉሞ «ክትትሉ ጥፋተኛ አጋለጠ» ብሎ ላከላቸው፤ አመሰገኑት። ወሬው ከሲኤምሲ ገርጂ ለመድረስ ሳምንት አልፈጀበትም። ጋሽ ሸምሱ ሚኒባስ ተረክበው መሥራት ቢጀምሩ ባለቤቱ በሦስተኛው ቀን ቁልፉን ተቀበላቸው፤ ተሳፋሪ «ሕፃን አስገድሎ ምሳ የበላው ሹፌር» እያለ ይጠቋቆማል ብሎ። ሚስታቸው ሱቅ ሲሄዱ ሰው ወሬውን ያቋርጥ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ሌሊት ተቀስቅሰው የሰፈሩን ሴት ሁሉ ሐኪም ቤት ያደረሱ ሰው ናቸው እንግዲህ።

ሻምበል በስድስተኛው ሳምንት ጥቁር መነጽር አድርገው ተመለሱ። የሆነውን ከግቢው ጥበቃ ሠራተኛ ሰምተው ኖሮ ቁጭ ሳይሉ ሪፖርቱን ጠየቁኝ። ወረቀቱን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው ረጅም ጊዜ አዩትና «ዜዷስ?» አሉኝ።

«አቶ ደምሴ አታስገቢ ብሎኝ ነው። ወደ እኛ ሰዓት ስለውጠው...»

እዚያ ላይ ቆምኩ። ለውጬዋለሁ? ጥቅሉን ከሣጥን አውጥተን መሬት ላይ ዘረጋነው። ስድስት ሰዓት ከአምስት፣ ዜድ፤ ሃያ ሁለት። ይህ በእኛ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአምስት ነው፤ ያኔ ጋሽ ሸምሱ ለክሊኒኩ መድኃኒት ሊያመጡ እዚያ እንደነበሩ የመድኃኒት ክፍሉ መዝገብ ራሱ ይናገራል። ከዚያ አንድ ክንድ ያህል ወረድ ብለን ዘጠኝ ሰዓት ከአምስትን አገኘነው። ከዘጠኝ ከአምስት እስከ ዘጠኝ ከሃምሳ፣ ዜድ። የአየር ማረፊያ መንገድ። ቆሟል። አርባ አምስት ደቂቃ፣ በየደቂቃው አንድ ጊዜ፣ መኪናው «ቦሌ ቆሜያለሁ» ሲለን ነበር።

አለቀስኩ። ሻምበል አላባበሉኝም። ቀይ እስክሪብቶ ሰጡኝ፤ ሪፖርቱ ላይ እያንዳንዱን ሰዓት በአንድ መስመር ሰርዤ ትክክለኛውን ጻፍኩ፤ ከእያንዳንዱ አጠገብ ሙሉ ስሜን ፈረምኩ። አርባ ጊዜ ሳልፈርም አልቀረሁም። ከዚያ አቶ ደምሴ ዘንድ ገባን።

«የተዘጋ ፋይል ነው» አለ። «ለጋሾቹን ሲስተሙ ተሳስቷል ልንላቸው ነው?»

«ሲስተሙ አልተሳሳተም» አልኩት። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ያዘዝከኝ ደግሞ አንተ ነህ።»

«ያው ነው። ፕሮጀክቱ ይታጠፋል። አንቺም እንጀራሽን ታጪያለሽ፤ ለአንድ ሹፌር ብለሽ?»

ለአንድ ሹፌር! ይቺን ቃል የሰማሁ ጊዜ ፍርሃቴ ሁሉ ጥሎኝ ሄደ። ወረቀቱን ይዤ በዚያው ሲኤምሲ ሄድኩ። ባልየው በሩን ከፍቶ ማንነቴን ሲሰማ ሊዘጋብኝ ነበር። ቆሞ እንዳለ ሁሉንም ነገርኩት፤ ሰዓቱን፣ ዜዷን፣ ማይኩን። አጥሩን ተደግፎ ሰማኝ።

«ያን ቀን ሲደርስ ሸሚዙ በላብ ረጥቦ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ቃሬዛውን ብቻውን ሊያነሣ ሲታገል አይቼዋለሁ። ምሳ በልቶ የመጣ ሰው እንደዚያ አይሆንም ብዬ አስቤ ነበር። ግን በኮምፒውተር ተረጋግጧል ሲሉኝ የራሴን ዓይን ተውኩት።»

በማግስቱ ክሊኒኩ ድረስ መጥቶ አቤቱታውን መተዉን በጽሑፍ ሰጠ፤ ስለ ማይኩም ለለጋሾቹ እጽፋለሁ አለ። አቶ ደምሴ ይሄኔ ነው የደነገጠው። ማይኮቹ ከመሳቢያ ወጡ። ለጋሽ ሸምሱ የሥራ ጥሪ ደብዳቤ ተጻፈ፤ ማኅተም ተመታበት። እኔም አልተባረርኩም፤ ከዚያ በኋላ በሦስት መሥሪያ ቤት ተሽከርካሪ ስከታተል ኖሬ ይኸው ለወርቃማ ወረቀት በቃሁ።

ደብዳቤውን ይዘን ከሻምበል ጋር ገርጂ ሄድን። ጋሽ ሸምሱ ቤት ውስጥ መጋረጃው ወርዶ ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር። ከስተዋል። ተነሥተው ወንበር ሰጡን፤ ሚስታቸው ሻይ አቀረቡ። ደብዳቤውን ተቀብለው ድምፃቸውን አሰምተው አነበቡ። «በኮምፒውተር ክትትል ሥርዓቱ በድጋሚ በተደረገ ማጣራት ከጥፋት ነፃ መሆንዎ ስለተረጋገጠ...» እዚያ ላይ አቆሙና አጣጥፈው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ቦሌ ቆሜ ነበር ብዬሽ አልነበር?» አሉኝ።

«ብለውኛል።»

«አሁን ታዲያ ምን አዲስ ነገር ተረጋገጠ?»

መሬት ላይ ተንበርክኬ ጉልበታቸውን ያዝኩ። ይቅር ይበሉኝ አልኩ። ወዲያው ከመሬት አነሡኝ።

«ይቅር ብዬሻለሁ፤ ለአላህ ብዬ። ልጄ ነሽ። መሳሳት ያለ ነው። ሥራውን ግን አልመለስበትም፤ ያ ማሽን ነገ ደግሞ ሐሳቡን ቢለውጥብኝ ማን አለኝ?» ሻዩን ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ። «አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፣ ሰብለ። ያ የኮምፒውተር ወረቀት ባይገኝ ኖሮ፣ ትመጪ ነበር?»

ሻምበል አንገታቸውን ደፉ። ጋሽ ሸምሱ ትንሽ ጠበቁኝና «በይ ሻይሽ ይበርዳል፤ ጠጪ» አሉኝ።